በደጋ ከተሞች ኬክ ለምን መሐሉ ይሰምጣል?

ኬክ ኦቭን ውስጥ ገብቶ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች በደንብ ይነፋል፤ ከመጋገሪያው ዕቃ አፍ በላይ ከፍ ብሎም ይታያል። ሊወጣ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ግን መሐሉ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርድና ዳሩ ብቻ እንደ አጥር ቆሞ ይቀራል። በደብረ ብርሃን፣ በደሴ፣ በደብረ ታቦር ወይም በደብረ ማርቆስ ኬክ ለመጋገር የሞከረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ በዱቄቱ፣ በኦቭኑ ወይም በጋጋሪዋ ላይ ይላከካል። ለልደትና ለምርቃት ትዕዛዝ ተቀብላ በቤቷ ለምትጋግር ሴት ደግሞ ጉዳዩ ከሐሜት ያለፈ ነው፤ በአንድ የሰመጠ ኬክ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ስኳሩና የኤሌክትሪኩ ወጪ አብረው ይሰምጣሉ።

ዱቄቱም ሆነ የጋጋሪዋ እጅ ግን ጥፋተኛ ላይሆኑ ይችላሉ። በመጻሕፍትና በቪዲዮ የሚገኙት አብዛኞቹ የኬክ አዘገጃጀቶች የተሰናዱት ለባሕር ጠለል በቀረቡ ቦታዎች ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ውኃ የሚፈላበት የሙቀት መጠን ዝቅ ይላል፤ ጋዝ የሚይዘው ቦታ ይሰፋል፤ እርጥበትም ከሊጥ ውስጥ ፈጥኖ ይወጣል። ኬክ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ሊጡ ራሱ ምን እንደሆነ ማየት ይገባል። የኬክ ሊጥ ሲታይ ወፍራም ፈሳሽ ይመስላል፤ በአጉሊ መነጽር ለሚመለከተው ግን አረፋ ነው። ስኳር በሟሟበት ውኃ ውስጥ የቅቤ ወይም የዘይት ጠብታዎች፣ የዱቄት ቅንጣቶችና የእንቁላል ፕሮቲን ተበትነው ይገኛሉ፤ በእነዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ ለቁጥር የሚያታክቱ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች አሉ። አረፋዎቹ ወደ ሊጡ የሚገቡት ኦቭን ውስጥ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። ቅቤና ስኳር አብረው ሲመቱ የስኳሩ ሹል ጠርዞች ቅቤውን እየቧጠጡ አየር ያስገቡበታል። እንቁላል ሲመታ ደግሞ የተጠቀለለው ፕሮቲን ይፈታና በየአረፋው ዙሪያ ስስ ሽፋን ይሠራል።

ቤኪንግ ፓውደር ኬክን «ያስነሣል» ሲባል ብዙዎች አረፋውን ከምንም የሚፈጥረው እርሱ ይመስላቸዋል። እውነቱ ከዚህ ጥቂት ይለያል። ከቤኪንግ ፓውደር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስቀድሞ በመምታት የገቡትን አረፋዎች ያሳድጋል እንጂ አዳዲስ አረፋ አይወልድም። ስለዚህ ሳይመታ የቀረን ሊጥ ቤኪንግ ፓውደር በመጨመር ማካካስ አይቻልም። ያሉት ጥቂት አረፋዎች ከመጠን በላይ ያብጡና እየተቀላቀሉ ወደ ላይ ወጥተው ይፈነዳሉ፤ ውጤቱም ትላልቅ ቀዳዳ ያለው ሻካራ ኬክ ነው።

ቅቤው ለዚህ ሥራ ጠጣር ሆኖ ነገር ግን በጣት ሲነካ የሚታዘዝ መሆን አለበት። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የቀለጠ ቅቤ ደግሞ አየር አይዝም። በመተማ ሙቀት ቅቤው ሳይመታ ሊፈስ ይችላል፤ በደብረ ብርሃን ማለዳ በአንጻሩ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ቆላ ላይ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አስቀምጦ መምታት፣ ደጋ ላይ ደግሞ ቅቤውን ከምድጃ አጠገብ ጥቂት ማቆየት ይጠቅማል። በዘይት የሚሠራ ኬክ ይህ ጣጣ የለበትም፤ አየሩን የሚይዝለት ግን የተመታው እንቁላል ብቻ ስለሆነ እንቁላሉ በወጉ መመታት ይኖርበታል።

ሊጡ ኦቭን ውስጥ ሲገባ ሁለት ሂደቶች መሽቀዳደም ይጀምራሉ። አንደኛው የጋዙ መስፋፋት ነው። ሙቀት ሲጨምር በአረፋዎቹ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል፤ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ይጨመርበታል፤ ከሊጡ የሚነሣው የውኃ እንፋሎትም ወደ አረፋዎቹ ይገባል። የእንፋሎቱን ጉልበት አቅልሎ ማየት አይገባም፤ አንድ ሊትር ውኃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ሲሆን ከ1 ሺህ 600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ሁለተኛው ሂደት የግድግዳው መጠንከር ነው። የእንቁላል ነጭ ለብቻው ሲሞቅ ከ60 ዲግሪ ጥቂት ካለፈ በኋላ መርጋት ይጀምራል፤ የስንዴ ስታርችም በንጹሕ ውኃ ውስጥ በዚሁ ሙቀት አካባቢ ውኃ እየመጠጠ ያብጣል። በኬክ ሊጥ ውስጥ ግን ብዙ ስኳር አለ። ስኳር ውኃውን ስለሚሻማ ሁለቱንም ያዘገያቸዋል፤ የኬኩ ግድግዳ በሚገባ የሚቆመው ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው።

ጋዙ ተለጥጦ ከፍታው ላይ ሲደርስ ግድግዳው በዚያው ቅጽበት ከጠነከረ ኬኩ ይቆማል። ግድግዳው ቀድሞ ከጠነከረ ጋዙ መውጫ ሲፈልግ ላዩን ይሰነጥቀዋል፤ መሐሉም እንደ ጉብታ ይነሣል። ግድግዳው ከዘገየ ደግሞ አረፋዎቹ ተለጥጠው ይቀደዳሉ፤ ጋዙ ያመልጣል፤ ኬኩ ይሰምጣል። መሐሉ ከዳሩ ይልቅ የሚሰምጠው ሙቀት ከዕቃው ግድግዳ ተነሥቶ ወደ መሐል የሚደርሰው በመጨረሻ ስለሆነ ነው። ዳሩ በጠነከረበት ሰዓት መሐሉ ገና ፈሳሽ ነው።

ይህ እሽቅድምድም ለእንጀራ ጋጋሪ እንግዳ አይደለም። የጤፍ ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ በእርሾው የተፈጠረው ጋዝና ከሥር የሚነሣው እንፋሎት ሊጡን እየበሱ ይወጣሉ፤ በየቀዳዳው ዙሪያ ያለው ስታርች በዚያው ፍጥነት ሲረጋ ዓይኑ ይቀራል። ምጣዱ በቂ ሙቀት ከሌለው እንፋሎቱ ይደክማል፤ ቀዳዳዎቹም ሳይረጉ መልሰው ይደፈናሉ፤ እንጀራውም ዓይነ ስውር ይሆናል። ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን የለውም። ከሊጡ ጥቂቱን በውኃ አብስሎ መልሶ መቀላቀል፣ ማለትም አብሲት መጣል፣ ስታርቹን አስቀድሞ በማብሰል ሊጡን ያወፍረዋል፤ ጋዙንም እንዲይዝ ያግዘዋል። ይህን ዘዴ ያገኙት ሴቶች የኬሚስትሪ መጽሐፍ አላነበቡም፤ ያገኙት መፍትሔ ግን ትክክለኛ ኬሚስትሪ ነው።

ወደ ከፍታው ጉዳይ ስንመለስ፣ በደብረ ብርሃን ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 71 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጋዝ የሚጫነው ነገር ሲቀንስ ይሰፋል። በጂቡቲ ወደብ አሥር ጣሳ የሚሞላ ጋዝ ደብረ ብርሃን ሲደርስ፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ፣ አሥራ አራት ጣሳ ይሞላል ማለት ነው። በኬክ ሊጥ ሲሰላ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ወይም 5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ከበቂ አሲድ ጋር ሲገናኝ በባሕር ጠለል ወደ አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጋ ጋዝ ያወጣል። ያው 5 ግራም በደብረ ብርሃን የሚያወጣው ጋዝ ሁለት ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ጋጋሪዋ በመመሪያው መሠረት አንድ ማንኪያ ለካች፤ አየሩ ግን አንድ ተኩል ማንኪያ ያህል አደረገባት።

ውኃም በዚሁ መጠን ይለወጣል። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በየ300 ሜትሩ ከፍታ በአንድ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ይፈላል። በመተማ 98 ዲግሪ፣ በባሕር ዳር 94 ዲግሪ፣ በደሴ 92 ዲግሪ፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽንብራ በደጋ ለመብሰል ረጅም ሰዓት የሚፈጁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ድስቱ ቢንተከተክም ውኃው የሚፈለገውን ያህል አይሞቅም። በኬክ ላይ ሲታይ ደግሞ ግድግዳው ከ80 ዲግሪ በላይ እስኪጠነክር በሚጠበቅበት ሰዓት ውኃው ለመፍላት የቀረው ርቀት ጠባብ ነው። ስለዚህ እንፋሎቱ ቀድሞ ይበረታል፤ ጋዙም አስቀድሞ ሰፍቶ ይጠብቃል፤ የግድግዳው መጠንከር ግን እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ ይመጣል። በእሽቅድምድሙ አንደኛው ወገን መነሻው ወደ ፊት ተጠግቶለታል።

ልዩነቱ ለመታየት ረጅም ጉዞ አያስፈልገውም። ኮምቦልቻና ደሴ በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በከፍታ ግን ወደ 600 ሜትር ይለያያሉ። ኮምቦልቻ ላይ ያማረ አዘገጃጀት ደሴ ላይ ቢሰምጥ የሚገርም አይደለም።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሚገኘውና ዛሬ ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የግብርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አንስቶ በከፍታ ቦታ ስለሚጋገሩ ምግቦች ሲመራመር ቆይቷል። በዚያች ግዛት ዋና ከተማ በዴንቨር የሚኖሩ ጋጋሪዎች አዘገጃጀታቸውን ማስተካከል የተለመደ ተግባራቸው ነው። ዴንቨር ያለችው 1 ሺህ 600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ እንደ ሞቃት ዝቅተኛ ቦታ የምትታየው ባሕር ዳር እንኳ በ200 ሜትር ያህል ትበልጣታለች። ለዴንቨር ማስተካከያ ካስፈለገ ለደብረ ብርሃን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መገመት አያዳግትም።

ማስተካከያው የሚመነጨው ከላይ ከተነገረው ነው። ጋዙ ስለሚበዛ ቤኪንግ ፓውደሩ ይቀነሳል፤ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ባሉ ከተሞች ከመመሪያው ላይ ከሩብ እስከ ሲሶ ማጉደል ጥሩ መነሻ ነው። ግድግዳውን የሚያዘገየው ስኳር ስለሆነ ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ላይ ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይቀነሳል። ውኃው ፈጥኖ ስለሚተን ለእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ወተት ወይም ውኃ ይጨመራል። ግድግዳው ቶሎ እንዲቆም የኦቭኑ ሙቀት ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ ይደረጋል፤ 175 ዲግሪ የሚለው መመሪያ ወደ 185 ይጠጋል ማለት ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ደቂቃው ስለሚያጥር ኬኩን ቀደም ብሎ መከታተል ያስፈልጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት መጨመርም ግድግዳውን ያጠነክራል። የእንቁላል ነጭ ለብቻው በሚመታበት ኬክ ደግሞ አረፋው ሹል ሆኖ እስኪቆም መምታት በደጋ አይመከርም፤ ጫፉ ጎንበስ ሲል ማቆም አረፋዎቹ ኦቭን ውስጥ የሚለጠጡበት ቦታ ይተውላቸዋል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን መለወጥ ግን ብልህነት አይደለም። ብዙ ጊዜ ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ ብቻውን ግማሹን ችግር ይፈታል። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ እየለወጡ በማስታወሻ መያዝ ያዋጣል፤ የአንዱ ቤት ኦቭን ከሌላው ስለሚለይ ለጎረቤት የሠራ ቁጥር ሁሉ ለሁሉም አይሠራም። መጋገሪያውን ዕቃም ሁለት ሦስተኛ ከመሙላት ይልቅ ግማሹ ላይ ማቆም ሊጡ እንዳይፈስ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ የእንቁላልን ጉዳይ ማንሣት የግድ ነው። «አምስት እንቁላል» የሚል አዘገጃጀት የታሰበው ለትልቅ እንቁላል ነው። የተሻሻሉ ዝርያዎች የሚጥሉት እንቁላል ከ55 እስከ 60 ግራም ይመዝናል፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ግን 40 ግራም ገደማ ነው። አምስቱ ሲደመሩ ልዩነቱ ከ75 ግራም ያላነሰ፣ ማለትም ሁለት የሐበሻ እንቁላል ያህል ይሆናል። የሐበሻ እንቁላል በጣዕሙ የሚመረጥ ቢሆንም በቁጥር ብቻ ተለክቶ ሲገባ ኬኩ ግድግዳ የሚሠራበት ፕሮቲንም ሆነ እርጥበት ያጥረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቁጥር ሳይሆን በሚዛን መለካት። አነስተኛ የወጥ ቤት ሚዛን ለኬክ ነጋዴ ከሚክሰር ቀድሞ ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዱቄቱም ከማሳ ጀምሮ የራሱ ታሪክ አለው። ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በውኃ ሲታሽ ግሉተን የሚባለውን ተለጣጭ መረብ ይሠራል። ለዳቦ ይህ መረብ ጠንካራ መሆን አለበት፤ የዳቦ ዱቄት ከ11 እስከ 13 በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው ይመረጣል። ለኬክ የሚመረጠው ደግሞ ከ7 እስከ 9 በመቶ ያለው ነው፤ መረቡ ከበረታ ኬኩ እንደ ዳቦ ይጎተታል። በስንዴው ውስጥ ያለው ፕሮቲን የሚወሰነው በዝርያው ብቻ አይደለም። ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ዘግይቶ ሲጨመርና ፍሬው በሚሞላበት ወቅት ዝናብ ሲያጥር የፕሮቲኑ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ፍሬው ስታርች ሳይሞላ ይቀራልና። በመልካም ዝናብ የሞላ ፍሬ በአንጻሩ ስታርች ይበዛበታል። አርሶ አደሩ ማሳውን ሲያይ የሚያስበው ኩንታሉን ቢሆንም፣ ዳቦ ቤቱና ኬክ ቤቱ ከዚያው ማሳ የሚፈልጉት የተለያየ ነው።

በየሱቁ የሚሸጠው ፉርኖ ዱቄት በአብዛኛው ለዳቦ የታሰበ ነው። ለኬክ ለማለዘብ ከአንድ ኩባያ ዱቄት ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አንስቶ በምትኩ የበቆሎ ስታርች መተካትና በወንፊት ደጋግሞ መንፋት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን ዱቄቱ ከገባ በኋላ ሊጡን አብዝቶ አለማሸት ነው። ዱቄቱ መጥፋቱ ከታየ በቂ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚዞር ማንኪያ ግሉተን ያጠነክራል፤ በድካም የገባውን አየርም ያስወጣል።

የጾም ኬክ በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ፈተና ይጨምራል። እንቁላልም ወተትም የለበትምና ግድግዳውን የሚሸከሙት ስታርቹና ግሉተኑ ብቻ ናቸው። ጋዙ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ቤኪንግ ሶዳን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ጭማቂ ጋር በማገናኘት ነው። ይህ ጋዝ ሁለቱ እንደተገናኙ ወዲያው መውጣት ይጀምራል፤ ስለዚህ ኦቭኑ አስቀድሞ ግሎ መጠበቅ አለበት። ሊጡ ተዘጋጅቶ ኦቭኑ እስኪሞቅ ከተጠበቀ ጋዙ አየር ላይ ይቀራል። አሲዱ ሲያንስ ደግሞ የተረፈው ሶዳ በሙቀት ብቻ ይበታተንና ሳሙና ሳሙና የሚል ጣዕም ይተዋል፤ ኬኩም ወደ ቢጫነት ያደላል። በደጋ የጾም ኬክ ላይ ሶዳና ስኳር ማብዛት በእጥፍ ይጎዳል።

ሙቀት ወደ ሊጡ የሚደርስባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። ከጋለው ብረት በንክኪ፣ በኦቭኑ ውስጥ ከሚዘዋወረው አየር፣ እንዲሁም ከጋሉት ግድግዳዎችና ሽቦዎች በጨረር ይመጣል። ጥቁር ዕቃ ጨረሩን ስለሚውጥ ዳሩን ቶሎ ያጠቁረዋል፤ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ደግሞ ጨረሩን ስለሚመልስ ለኬክ የተሻለ ነው። ኦቭን በሌለበት ቤት በወፍራም ድስት ውስጥ አሸዋ ወይም ጨው አንጥፎ በከሰል ላይ የሚጋገር ኬክ ሙቀቱን በዋናነት የሚያገኘው ከሥር ነው፤ ታቹ ሲያር ላዩ ነጭ ሆኖ የሚቀረውም ለዚህ ነው። ይህን የድፎ ዳቦ ጋጋሪዎች ከጥንት ፈትተውታል። ሊጡን በኮባ ቅጠል ሸፍነው፣ ከሥር እሳት፣ ከክዳኑ በላይም ፍም ያደርጉበታል። ቅጠሉ ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ላዩ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። በድስት ለሚጋገር ኬክም ብረት ክዳን ላይ ጥቂት ፍም ማድረግ ያንኑ ጨረር ከላይ ያመጣል።

ኦቭኑ 180 ዲግሪ ቢሆንም የኬኩ ውስጥ ወደዚያ ሙቀት ፈጽሞ አይደርስም። ውስጡ ውኃ እስካለ ድረስ በከተማው ከሚፈላበት መጠን ብዙ አያልፍም። ምክንያቱ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ እጅግ ብዙ ሙቀት የሚጠጣ መሆኑ ነው፤ አንድ ኪሎ ውኃን ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስኪፈላ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሙቀት፣ የፈላውን ሁሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ላዩ ግን ውኃው አልቆ ሲደርቅ ከመፍያው መጠን ያልፋል፤ ከ140 ዲግሪ ወዲያ ፕሮቲንና ስኳር ተያይዘው ቡናማውን ቀለምና ያን የሚያውድ ሽታ ይፈጥራሉ። ሂደቱን እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ቡና ሲቆላ ቤቱን የሚሞላው መዓዛ፣ የገብስ ቆሎ ቀለምና የዳቦ ቅርፊት ሁሉም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። እንግዲህ የላዩ መጥቆር የመሐሉ መብሰል ምስክር አይደለም። ላዩ ቀለም ይዞ መሐሉ ገና ከሆነ ሙቀቱን ከማጥፋት ይልቅ በአሉሚኒየም ፎይል መሸፈን ጨረሩን ይከላከላል።

መብራት መቋረጥም የኬክ ጋጋሪዎች ቋሚ ሥጋት ነው። ጉዳቱ የሚወሰነው በተቋረጠበት ደቂቃ ነው። ግድግዳው ከመጠንከሩ በፊት፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ከሆነ ጋዙ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሊጡም አብሮት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ኦቭኑ በያዘው ሙቀት ኬኩ ሊጨርስ ይችላል፤ በሩ እስካልተከፈተ ድረስ። የሚበዛው ጥፋት የሚደርሰው «ምን ሆነ?» ብሎ በሩን በመክፈት ነው፤ የሞቀው አየር በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። ኦቭኑ ሲሞቅ አንድ ሁለት ንጹሕ ደረቅ ሸክላ ጡብ ከታች አስቀምጦ አብሮ ማጋል ሙቀት የሚያጠራቅም ጓዳ ይፈጥራል። የሸክላ ምጣድ እሳቱ ከጠፋ በኋላም የመጨረሻዋን እንጀራ የሚያበስለው በዚሁ ባሕርይው ነው።

መብሰሉን ለማወቅ ስቴኪኒ መሐሉ ላይ ሰክቶ ማውጣት የቆየና አስተማማኝ ዘዴ ነው፤ እርጥብ ሊጥ ካልያዘ ስታርቹ ረግቷል። የኬኩ ዳር ከዕቃው በጥቂቱ መላቀቁና መሐሉ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ መነሣቱም ያንኑ ይናገራል። ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም። በአረፋዎቹ ውስጥ ያለው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውኃ ስለሚሆን ኬኩ ጥቂት ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ግድግዳው ገና ትኩስና ለስላሳ ነውና በዕቃው ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይገባል። ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ ከዕቃው ጋር የተጣበቀው እንፋሎት ታቹን ያረጥበዋል። ከዕቃው አውጥቶ አየር በሚያገኘው ወንፊት ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ክሬም የሚቀባው ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ያልተቀባ ኬክ ለማቆየት ብዙዎች የሚመርጡት ፍሪጅ ነው። የተሻለው ግን በላስቲክ ወይም በተከደነ ዕቃ ተጠቅልሎ ከፍሪጅ ውጭ ማደሩ ነው። በኦቭን ያበጠው ስታርች ሲቀዘቅዝ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይደራጃል፤ ውኃውንም እየለቀቀ ኬኩን ያደርቀዋል። ይህ ሂደት ከሁሉ ይልቅ የሚፈጥነው በፍሪጅ ሙቀት፣ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ባለው ላይ ነው። ለሁለት ቀን የሚቆይ ያልተቀባ ኬክ ውጭ ይቀመጥ፤ ለሳምንት የሚቆይ ከሆነ ወደ በረዶ ቤቱ ይግባ፤ ክሬም ወይም ወተት የተቀባው ግን እንዳይበላሽ ፍሪጅ ውስጥ መግባቱ ግድ ነው። የደረቀ ቁራጭም ለአፍታ ቢሞቅ ስታርቹ ዳግም ይለሰልሳል፤ የማለዳ ዳቦ ከምጣድ ላይ ሲሞቅ እንደሚለሰልሰው ሁሉ።